የባለቤቴ ጣውንት ገዳም ገባች

ቅዳሜ ጥር 18 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ አንዲት ሞተር የሌላት አነስተኛ አውሮፕላን ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ተነሥታ ከተቆጣጣሪዋ እይታ ወጣች። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ይገባኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሪፖርተርነት ስሠራ “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት” ከተመለሰ ዜናው እንዳለቀ ነው የማውቀው። “ለምን” የሚባለው ጥያቄ ግን የቅዳሜው ጉድ ከበረደ በኋላ እንኳ አልለቀቀኝም። ከጠየቁኝ ሰዎች መካከል አንድ አበምኔት፣ አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃና አንዲት የሙሽራ እናት ይገኙበታል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

አውሮፕላኗ ርዝመቷ ከክንፍ እስከ ክንፍ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ እንደሚቆመው ያህል ነው። በእጅ ትወረወራለች፤ ከዚያ ሞቃት አየር ፈልጋ፣ እንደ አሞራ ክንፏን ሳታንቀሳቅስ ትንሳፈፋለች። እኔ ከታች ሆኜ ጭራዋን በሪሞት እጠመዝዛለሁ። ሞተር የላትም ስል ሰው ሁሉ “ታዲያ ምኗ አውሮፕላን ነው?” ይለኛል። ዳርቻው ላይ ጀልባ የሚጠግኑትና የሚያከራዩት ጋሼ እንዳላማው ደግሞ የመጀመሪያ ቀን እንዳዩዋት፣ “ሞተርም መቅዘፊያም የሌለው ጀልባ በለኛ። እሱማ እኛም አለን፤ ግንድ ነው የምንለው” ብለውኛል።

የሠራኋት ራሴ ነኝ። ክንፏ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ነው። ጎረቤት ፍሪጅ ሲገዛ ሰው “እንኳን ደስ ያላችሁ” ሊል ይሄዳል፤ እኔ ማሸጊያውን ልለምን እሄዳለሁ። አጥንቷ ቀርከሃ ነው። ጭራዋ ጋሼ እንዳላማው ከታንኳ ሥራ የተረፋቸውን የሰጡኝ ደንገል ነው። ይህ ሁሉ እንዳይበታተን ከላይ እስከ ታች በነጭ ፕላስተር ጠቅልያታለሁ፤ ሰማይ ላይ እንድትለይም ሆዷ ላይ ቀይ መስመር አስምሬባታለሁ። ፈቃድም አላት። ባለ ማኅተም ደብዳቤ ነው፤ ካሜራ የሌላት፣ ሞተር የሌላት፣ ድሮን ያልሆነች እያለ ያልሆነችውን ሁሉ ዘርዝሮ የሆነችውን ሳይናገር ያልቃል።

አንባቢ “እሷ” የምትለዋን ቃል ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው። በዜና ክፍላችን ለጀማሪ ሪፖርተሮች ሰዋስው የማስተምር እኔ ነኝ። “ግዑዝ ነገር በወንድ ጾታ ይጻፋል” እላቸዋለሁ። “ወንበሩ ተሰበረ፣ ጀልባው ሰጠመ። ወንበሯ ተሰበረች የሚል ወንበሯን የሚወዳት ሰው ነው፤ ዜና ደግሞ ማንንም አይወድም።” ይህን ስል ማስታወሻ ይይዛሉ። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ በገዛ እጄ ከርክሜ፣ አጣብቄ፣ ሦስት ጊዜ ከጭቃ አውጥቼ ያጠብኋትን “እሱ” ማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ ትርንጎ በኮሌጅ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ያልተመዘነ ነገር አታምንም። አንድ እሑድ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ “ላንድ ሰዓት ቆጠርሁ” አለች። “‘እሷ’ ያልህው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ‘ትርንጎ’ ያልህው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መቀሱን አቀብዪኝ ለማለት ነው።” ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ጣውንቴ አለቻት። ከሥራ ስትመለስ “ጣውንቴ በላች?” ትላለች። ሶፋው ላይ ተዘርግታ ስታገኛት “ጣውንቴ፣ እስቲ ጠጋ በይ” ትልና ክንፏን አንሥታ ትቀመጣለች።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ።

እኔ የሰፈራችን መረዳጃ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ማኅተሙም በእኔ እጅ ነው። ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ሰው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ከመጋዘን አይወጣም፤ ማኅተሙም በሰማያዊ ቀለም ይሆናል የሚለውን አንቀጽ ዘጠኝ ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዓመት ድንኳናችን በቃል ብቻ ወጥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይፋግ ድረስ ሄዶ ሩዝ ሲሰጣበት ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑን የሚጠብቁት ጡረተኛው መቶ አለቃ ዋለ ናቸው። መቶ አለቃ ደንብ ካነበቡ በኋላ ሌላ ነገር አያነቡም።

ዓርብ ማታ ጎረቤታችን እትዬ ስመኝ መጡ። እሑድ ልጃቸውን ሰብለን ይድራሉ። የሙሽራው ወገኖች ከእንፍራንዝ ቅዳሜ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይገባሉ፤ ሽማግሌዎች አሉባቸው፤ አዳራቸው ድንኳኑ ውስጥ ነው።

“ልጄ፣ ይቺን ደብዳቤ አሁኑኑ ምታልኝና ልሂድ” አሉኝ።

“የማኅተሙ ቀለም ደርቋል፣ እትዬ። ነገ ጠዋት አዲስ ገዝቼ፣ መትቼ፣ እስከ አምስት ሰዓት በእጅዎ አስገባለሁ።”

“አደራ። እነዚያ ሰዎች መጥተው ድንኳን ካላዩ፣ ‘ለካ ልጅቷን ሜዳ ላይ ነው ያሳደጓት’ ይላሉ። እናታቸውን አውቃታለሁ፤ ትላለች።”

“ቃሌ ነው” አልሁ። ደብዳቤውን አጥፌ የኮት ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ገበያ ሄዳለች። እኔ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ልወጣ ስል አሰብሁ፤ መደብሩ የሚከፈተው አራት ሰዓት ነው። ሐይቁ ደግሞ መንገዴ ላይ ነው። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ወርውሬያት ብሄድ ምን አለበት? ችግሩ፣ ሐሙስ ዕለት ስጠግናት ጭራዋ ከብዶ ነበር፤ ጭራ ሲከብድ አፍንጫም መክበድ አለበት፤ አለዚያ ሽቅብ ታንጋጥጥና ትወድቃለች። በትርንጎ ትንሽ ሚዛን ስመዝን አፍንጫዋ ላይ ስልሳ ሦስት ግራም ጎደለ። የዓሣ መረብ እርሳስ ፈለግሁ፤ አልቋል። መሳቢያውን ስከፍት የእድሩ ማኅተም ቁጭ ብሏል። እጀታውን ፈትቼ ነሐሱን ብቻ ሚዛን ላይ አኖርሁት። ስልሳ ሦስት ግራም።

እንዲህ ያለ መገጣጠም ሲመጣ ሪፖርተር መጠርጠር አለበት። እኔ ተደሰትሁ። ማኅተሙን ለማንኛውም ይዤው መውጣቴ አይቀርም፤ በኪሴ ሄደ በአፍንጫዋ ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ከተትሁና በፕላስተር አሸግሁት።

በሦስት ሰዓት ከአሥር ወረወርኋት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ በረራ አላየሁም። አንዴ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ከዳርቻው ድንጋይ የሚነሣው ሙቀት ሥሯ ገባና ሽቅብ ወሰዳት። አንድ አሞራ መጥቶ አብሯት መዞር ጀመረ። ደስ ብሎኝ የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከምድር ወደ ሐይቅ መንፈሱን ነው። ሪሞቱን ግራ ብለው ቀኝ ብለው እሷ ቀጥ ብላ ወደ ውኃው መሐል ሄደች።

ጋሼ እንዳላማው የጀልባቸውን ሆድ ሬንጅ እየቀቡ ቀና ብለው ያያሉ።

“ደህና ሄደች” አሉ።

“ትመለሳለች፣ ጋሼ።”

“እኔም ሚስቴ ቁንዝላ እናቷ ዘንድ ስትሄድ እንዲሁ ነው ያልሁት።”

አልተመለሰችም። ሪሞቱ ከሚደርስበት አለፈች፤ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄዳ ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ዛፎች ውስጥ ገባች። ደሴቷ ገዳም ናት። የወንዶች ገዳም ናት፤ ሴት አትረግጣትም። ዶሮ እንኳ ካለ አውራው ብቻ ነው ይባላል፤ ይህን ግን አላጣራሁም።

ጋሼ እንዳላማው ለገዳሙ እህል ስለሚያመላልሱ የመጋቢው የአባ ገብረ ሥላሴ ስልክ አላቸው። ቀጥሎ የተነጋገርነውን ቃል በቃል አቀርባለሁ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ የተቆረጠውን በነጥብ አመለክታለሁ።

“አባቴ፣ ይፍቱኝ።”

“እግዚአብሔር ይፍታህ። ማን ልበል?”

ስሜን ነገርኋቸው። “አባቴ፣ አንዲት ሞተር የሌላት … እናንተ ደሴት ላይ ወድቃለች።”

“ማናት የወደቀችው?”

“የኔዋ ናት። ዛሬ ጠዋት ከእጄ አመለጠች።”

“ሴት?”

“ማለቴ … ቀጭን ናት፤ ነጭ። ሆዷ ላይ ቀይ መስመር አለ።”

“ቆስላለች ማለት ነው?”

“ብዙ የምትጎዳ አይመስለኝም። ከላይ እስከ ታች በፕላስተር የተጠቀለለች ናት።”

“እግዚኦ። ሚስትህ ናት?”

“አይ፣ ሚስቴማ ገበያ ናት።”

“ሚስትህ ይህን ነገር ታውቃለች?”

“ታውቃለች እንጂ አባቴ፤ ጣውንቴ ነው የምትላት።”

ከወዲያ “በስመ አብ” ብለው ሲያማትቡ ተሰማኝ።

“ምን አግኝቷት ነው ወደዚህ የመጣችው?”

“ነፋስ ነው፣ አባቴ።”

“ነፋስ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ቆይቶባታል?”

“ሲነሣባት እንዲህ ያደርጋታል። እኔን የቸገረኝ ግን … በውስጧ አደራ አለ። እስከ አምስት ሰዓት መውጣት አለበት።”

“እስከ አምስት ሰዓት?”

“ካለፈ ጉድ ነው የሚፈላው።”

እዚህ ላይ መስመሩ ጨርሶ ተቋረጠ። በረጋ መንፈስ መልሼ ሳጤነው ከተናገርሁት ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። የጎደለው “አውሮፕላን” የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ነፋሱ ይሁን ኔትዎርኩ በልቶታል። ለጀማሪ ሪፖርተሮች የማስተምረው ሁለተኛው ትምህርት፣ ተውላጠ ስም ከስሙ ቀድሞ አይመጣም የሚል ነው።

የጋሼ እንዳላማው ጀልባ ሬንጁ እስኪደርቅ አራት ሰዓት ሆነ። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ እንዳልን ስልኬ ጮኸ። የዜና ክፍል አለቃዬ ነው።

“የት ነህ?”

“ሐይቅ ላይ።”

“ግሩም ነው። ጥቆማ ደርሶናል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የወንዶች ገዳም ገብታለች። ቆስላለች። መንፈስም አለባት እየተባለ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ትወልዳለች ይላሉ።”

“ምንጩ ማነው?”

“ከገዳሙ ለጀልበኞች ተደውሎ፣ ከጀልበኞች ለከተማው ሁሉ። ወደዚያ የሰደዳት አንድ ባለትዳር ነው አሉ። እድር ውስጥ ጸሐፊ ነው። እስቲ አስበው።”

“አሰብሁት።”

“አጣራና ደውልልኝ። ያለ ሁለት ምንጭ አንሠራውም።”

“ትክክል ነው” አልሁና ዘጋሁ። ማስታወሻዬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍሁ።

ጋሼ እንዳላማው ሞተሩን እየያዙ አዩኝ። “ነፍሰ ጡር ናት ነው የሚሉት?”

“አፍንጫዋ ውስጥ ያለው የእድሩ ማኅተም ነው፣ ጋሼ።”

“ይህን ለመነኮሳቱ ስታስረዳ ለማየት ነው እንጂ ዛሬ ነዳጅ አላቃጥልም ነበር” አሉ።

ወደ ደሴቷ ስንቃረብ ደወል ይደወላል። ጀልባ ማቆሚያው ላይ “ሴቶች ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው” የሚል ያረጀ ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ መነኮሳቱ መቋሚያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሊያባርሩን መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስንል ግን አንደኛው አባት ጋቢ ታቅፈዋል፤ ይበርዳታል ብለው ነው። ሌላው የጠበል ጀሪካን ይዘዋል። ከዳር አንዲት ታንኳ ሣር ተጎዝጉዞባት፣ ትራስ ተደርጎባት ቆማለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ከተማ ለማድረስ። በሥራዬ ብዙ አሳፋሪ ነገር አይቻለሁ፤ ያ ትራስ ግን የተለየ ነበር።

አበምኔቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

“ልጄ፣ አልተገኘችም” አሉኝ። “ዳርቻውን አየን፤ ዋሻውንም አየን። የት አካባቢ ነው የወደቀችው?”

“ዛፍ ላይ ትሆናለች፣ አባቴ።”

“በዚህ ሁኔታዋ ዛፍ ወጣች?”

“አባቴ፣ አውሮፕላን ናት።”

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልመስክር፤ እውነት ሁልጊዜ አያረጋጋም። አባ ገብረ ሥላሴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ስንት ሰው ነበረባት?” አሉ።

“ማንም። ሞተርም የላትም። ይህን ታክላለች።” እጆቼን ዘረጋሁ።

ጋቢ የያዙት አባት ጋቢውን በጥንቃቄ አጠፉት። ጋሼ እንዳላማው ወደ ሐይቁ ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ቀላል ሆነ፤ እስካሁን መሬት መሬት ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካለው ዋንዛ ላይ ተሰቅላለች። ማር የሚቆርጡት አባት ወጥተው በገመድ አወረዷት። ግራ ክንፏ ተቀንጥሷል። አፍንጫዋ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ከሃያ።

“አባቴ፣ ከዛፉ ሥር ነሐስ ነገር፣ ክብ፣ አላገኛችሁም?”

መነኮሳቱ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ገብረ ሥላሴ ከቀሚሳቸው ኪስ በጨርቅ የታሰረ ነገር አወጡ፤ ጨርቁ እርጥብ ነው፤ ጠበል ተረጭቶበታል።

“ይህንን ነው?” አሉ። “ሴቲቱ ስትሸሽ ከአንገቷ የጣለችው ክታብ መስሎን ነበር። ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የተጻፈው። ጠንቋይ ካልሆነ እንዲህ ማን ይጽፋል?”

“ማኅተም ነው፣ አባቴ። ሲመታ ይቃናል።”

አበምኔቱ ተቀብለው ወደ ብርሃን አዘነበሉት። “ስናነበው ‘ርድእ ጃዳረመ’ ይላል። ‘ርድእ’ ከረድኤት ወገን ይመስላል አልን። ‘ጃዳረመ’ ግን ከየትኛው ነገድ እንደሆነ አልታወቀንም። ሁለት አባቶች ስሙን ሳይጠሩ ነው የጸለዩበት።”

“‘መረዳጃ እድር’ ነው የሚለው።”

አበምኔቱ ነሐሱን መለሱልኝ። ከዚያ ወደ አውሮፕላኗ እያዩ፣ “ለመሆኑ ለምን ሴት አደረግሃት?” አሉኝ።

“ስለምወዳት ነው፣ አባቴ።”

“በግዕዝ ግዑዝ ነገር በወንድም በሴትም ይነገራል፤ እንደ ተናጋሪው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም” አሉ። “የፈቃዱ ነው።”

ይቅርታ ጠየቅሁና ስለ ድንኳኑ፣ ስለ እትዬ ስመኝና ስለ እንፍራንዝ ሰዎች ነገርኋቸው። ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። ከተማ እስክደርስና ቀለም እስክገዛ ጊዜው ይሄዳል። አበምኔቱ ምንም ሳይሉ ብራና የሚጽፉትን አባት አስጠሩ። አባትየው ቀይ ቀለማቸውን በቀንድ ይዘው መጡ፤ ነሐሱን በላባ ቀብተው፣ ደብዳቤውን የመጽሐፍ ገበታ ላይ አኑረው መቱት። የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀለም የእድራችን ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ። እንዲህ ያማረ ማኅተም እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አርፎ አያውቅም።

በመልስ ጉዞ ለአለቃዬ ደወልሁ።

“አጣርቻለሁ። ሴት የለችም። ነፍሰ ጡር የለችም። መንፈስ የለም።”

“የእድር ጸሐፊውስ?”

“እሱ አለ።”

መጋዘኑ ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እትዬ ስመኝ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ይዟቸዋል።

“መጣህ?” አሉኝ እትዬ ስመኝ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “ገዳም ውስጥ ሴት ስታዋልድ ነው አሉ የቆየኸው።”

“አስረዳዎታለሁ፣ እትዬ።”

“አታስረዳኝ። ሰዎቹ ተነሥተዋል፤ ወረታ ላይ ምሳ እየበሉ ነው። ድንኳኔን አምጣ።”

ደብዳቤውን ለመቶ አለቃ ዋለ ሰጠሁ። መቶ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ገልብጠው አዩት፤ ከጆሯቸው ላይ እስክሪብቶውን ሳያወርዱ መለሱልኝ።

“ቀይ ነው።”

“የብራና ቀለም ነው፣ መቶ አለቃ። የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት።”

“የቅዱሳን ድንኳን ሲወጣ በእሱ ይወጣል። አንቀጽ ዘጠኝ ሰማያዊ ነው የሚለው። ማነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።”

“መቶ አለቃ፣” አሉ እትዬ ስመኝ፣ “የምድረው ልጄን ነው እንጂ ቀለም አይደለም።”

“ደንብ ነው፣ እትዬ። ድንኳኑ ይፋግ የሄደ ጊዜ ‘አንድ ቀን ብቻ’ ተብሎ ነው።”

የተሰበረችውን አውሮፕላን በብብቴ ይዤ ወደ ቤት ሮጥሁ። መንገድ ላይ የማውቃቸው ሰዎች ሰላም አላሉኝም፤ ሁለት ሴቶች ግን ቆመው ካዩኝ በኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ትርንጎ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ስልኳ አጠገቧ ነው።

“ወደቀች አሉኝ” አለች። “ደህና ናት?”

“ግራ ክንፏ ነው። ትርንጎ፣ ሰው ደውሎልሻል እንዴ?”

“ዘጠኝ ሰው።”

“ምን አልሻቸው?”

“እውነቱን ነዋ። ‘ጣውንት አለሽ ወይ?’ ሲሉኝ ‘አዎ’ አልሁ። ‘የት ነው የምትኖረው?’ ሲሉኝ ‘እኛው ቤት፣ ሶፋው ላይ’ አልሁ። ‘እሱ ይወዳታል?’ ሲሉኝ ‘ገላዋን የሚያጥባት እሱ ነው’ አልሁ።” ድንቹን ገለበጠች። “መረጃ አይደበቅም የምትል አንተ አይደለህ?”

“አውሮፕላን ናት አላልሻቸውም?”

“አልጠየቁኝም።”

ሰማያዊ ቀለም የት እንደሚገኝ ጠየቅኋት። መደብሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይከፍትም።

“መሳቢያው ውስጥ ነው” አለች። “ዓርብ ከሥራ ስመለስ ገዝቼ ማኅተሙ አጠገብ አስቀመጥሁልህ። ጠዋት ማኅተሙን ስታነሣ አላየህውም?”

ቀለሙ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ማኅተሙ ከነበረበት ቦታ አንድ ጣት ያህል ይርቃል። እጀታውን መልሼ አሰርሁ፤ ከቀዩ ጎን ሰማያዊውን መታሁ። ቸኩዬ ስለመታሁት ጠርዙ ደብዝዟል፤ ቀለሙ ግን ሰማያዊ ነው። መቶ አለቃ ዋለ ደብዳቤውን ሁለተኛ ጊዜ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ “አሁን ደብዳቤ ሆነ” ብለው ቁልፉን አወጡ።

ድንኳኑ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ቆመ። የመጨረሻውን ካስማ የመታሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ ስመኝ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የእንፍራንዝ መኪና መጣ። ከፊት ወንበር የሙሽራው እናት ወረዱ፤ ድንኳኑን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት፤ ዋልታውን በእጃቸው ነካ አደረጉ፤ የሚወጣለት እንከን አላገኙም። ከዚያ እትዬ ስመኝን ሦስት ጊዜ ስመው፣ “ወረታ ላይ የሰማነው እውነት ነው እንዴ? ያች ገዳም የገባችው ሴት ተገኘች?” አሉ።

እትዬ ስመኝ አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረጉኝ።

“ተገኝታለች፣ እመቤቴ” አሉ። “ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች። ይግቡ።”

እሑድ ሰብለ ተዳረች። ሰኞ የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ማኅተሙ ከጸሐፊው መሳቢያ ወጥቶ ከመቶ አለቃ ዋለ መጋዘን እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙን የመቱት እሳቸው ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ እሽግ ጧፍና፣ ለዚያ ትራስ ካሳ የሚሆን አዲስ የትራስ ልብስ ይዤ በጋሼ እንዳላማው ጀልባ ወደ ደሴቷ ተሻገርሁ። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ያለው ሰሌዳ እንደ ድሮው ነው፤ “ሴቶች ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው” ይላል። ከሥሩ በቀይ የብራና ቀለም አንድ መስመር ተጨምሮበታል። “በአየርም ቢሆን” ይላል።